ከጅማ ወደ መጀመሪያው የመርከብ ሥራ፦ ከወረቀቱ እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ በሆነው ኪቶ ፉርዲሳ ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ተምረው፣ የባሕረኝነት ሥልጠናውን ባሕር ዳር ወይም ቢሾፍቱ ጨርሰው፣ "መርከብ ተመደብኩ" ብለው የሚደውሉልኝ ልጆች አሉ። ከወር በኋላ አንዳንዶቹን እዚሁ ጅማ፣ ቡና ቤት ቁጭ ብለው አገኛቸዋለሁ። ባሕሩ አልጣላቸውም፤ ገና አላዩትም። የጣላቸው አንድ ፊደል፣ አንድ ክትባት ወይም ሻንጣ ኪስ ውስጥ የተረሳ ነገር ነው።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ የየብስ ሥራ ነው። የጻፍኩት በሞተር ክፍል ካዴትነት፣ ማለትም በተለማማጅ መኮንንነት፣ ለሚወጡ ነው። ደክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ ለሚሠሩም አብዛኛው ያገለግላል። በቅደም ተከተሉ ሂዱ፤ በተለይ ደረጃ 1ን ሳትጨርሱ ሻንጣ አትግዙ።

ደረጃ 1፦ ወረቀት

ከጉዞው ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

1.1 ስማችሁን አንድ አድርጉ

ፓስፖርታችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከጎኑ ዲግሪውን፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቶቹን፣ የባሕረኛ ደብተሩን፣ የጤና ሰርተፊኬቱንና የክትባት ካርዱን ደርድሩ። አሁን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስማችሁን ፊደል በፊደል፣ በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ። በዓይን ብቻ አይበቃም። ዓይን የለመደውን ስም አርሞ ነው የሚያነበው።

የአባቴ ስም ሙሐመድ ነው። ፓስፖርቴ ላይ መሐሉ በአንድ ኤም፣ ሰርተፊኬቴ ላይ በሁለት ኤም ተጽፎ ነበር። ይቺ አንዲት ኤም ሦስት ሳምንት በላችብኝ። መርከቡ ሌላ ካዴት ይዞ ሄደ።

ልዩነት ካገኛችሁ መለኪያው ፓስፖርቱ ነው። ሌላው ወረቀት ወደ ፓስፖርቱ ይስተካከል። ሰርተፊኬቱን የሰጣችሁ ተቋም ዘንድ ፓስፖርቱን ይዛችሁ በአካል ሂዱ፤ በስልክ "እናየዋለን" ከተባላችሁ አልታየም ማለት ነው። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለም ዛሬውኑ ጠይቁ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ "የአያቴ ስም ነው" ብሎ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል።

1.2 የልደት ቀን

ሁለተኛው ወጥመድ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት። ብዙ ሰው ዓመቱን ብቻ ለውጦ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ይተወዋል። ጥር 5 ቀን 1992 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2000 ነው የተወለደው። ጥር አምስተኛ ወር ነው ብሎ 5/5/2000 የሞላ ሰው ግን በሜይ የተወለደ ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። እዚህም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ይገዛል። ቅጽ በሞላችሁ ቁጥር ከጭንቅላታችሁ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ገልብጡ።

1.3 የጤና ምርመራ እና ክትባት

የቀለም ምርመራውን ከሁሉ አስቀድሙ። በነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የማንበብ ፈተና ነው። ሞተር ክፍልም ሽቦና ቧንቧ በቀለም ስለሚለይ አይቀርላችሁም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ይወቀው።

የባሕረኛ የጤና ሰርተፊኬት ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው። ቀኑን ቁጠሩ፤ ውላችሁ መሐል ላይ እንዳያልቅ።

የቢጫ ወባ ክትባት ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው ዓለም አቀፍ ዋጋ የሚኖረው። በጉዞው ዋዜማ መወጋት ስለዚህ ምንም አይጠቅምም። አንዴ ከተከተባችሁ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዋናው ቢጫ ካርድ እጃችሁ ላይ ይኑር፤ የስልክ ፎቶ አይተው አያሳልፉም።

1.4 ኮፒ

ሁሉንም ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጉ። አንዱ ቤት ይቅር፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱ ከእናንተ ጋር። ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ዋናዎቹ ወረቀቶች የሚጓዙት በእጅ በምትይዙት ቦርሳ ብቻ ነው። ለአውሮፕላኑ የሰጣችሁት ሻንጣ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ውሉን አንብቡ

በመልእክት የተላከላችሁ ቃል ውል አይደለም። ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት የተፈረመ የሥራ ውል እጃችሁ ይግባ። አምስት ነገር ፈልጉበት፦ የሥራ መደቡ ስም፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ገንዘብ፣ የውሉ ርዝመት፣ የዕረፍት ክፍያ፣ እና ስትመለሱ ትኬቱን ማን እንደሚከፍል። የመጨረሻው መልስ "ባለ መርከቡ" መሆን አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቦታ ለማስያዝ፣ ለቅጥር ወይም ለቪዛ ገንዘብ አምጡ ያላችሁ ሰው ወይ ሕግ የጣሰ ነው ወይ አጭበርባሪ። የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለቀጣሪ አገናኝ ክፍያ ይከለክላል። ከኪሳችሁ እንድታወጡ የሚፈቀደው ለጤና ሰርተፊኬት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው። የቪዛው ወጪ የባለ መርከቡ ነው። በቴሌግራም የሚመጣው "የካናዳ መርከብ ሥራ" እዚህ ጋ ነው የሚጋለጠው።

ጥርጣሬ ከገባችሁ የመርከቡን አይኤምኦ ቁጥር፣ ማለትም ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥሩን፣ ጠይቁ። ሰባት አኃዝ ነው፤ የመርከቡ ስም ቢቀየር እንኳ አይቀየርም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ቁጥሩን መስጠት የሚያቅማማ ሰው መርከብ የለውም።

ደረጃ 3፦ ውሃ ልመዱ

የጅማ ልጅ ነን፤ ብዙዎቻችን ጥልቅ ውሃ የምናየው ድልድይ ላይ ቆመን ነው። ሥልጠናው ላይ መዝለሉን አልፋችሁ ሊሆን ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ግን ሰውነት ይረሳል።

1. ሆቴል ያለ መዋኛ ገንዳ ሂዱ። ዋና የሚችል ሰው አብሯችሁ ይሁን።
2. ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ በጀርባ መንሳፈፍን ተለማመዱ። ፍጥነት ለባሕረኛ ምንም አይሠራለትም። የሚያድነው ሳይደነግጡ ተንሳፍፎ መቆየት ነው።
3. የዝላዩን አቋም በደረቅ መሬት ድገሙት። በአንድ እጅ አፍና አፍንጫ ያዙ፣ በሌላው ነፍስ አድን ጃኬቱን ወደ ታች ጨብጡ፣ ፊት ለፊት እዩ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ እግር ግጥም። ወደ ታች ያየ ሰው በደረቱ ይወድቃል።

ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ አትሞክሩ። ጉማሬ ካዴት አይለይም።

ደረጃ 4፦ ሻንጣ

ትኬቱ ላይ የተፈቀደውን ክብደት እዩና ከዚያ ሦስት ኪሎ ቀንሱ። የመርከብ መኝታ ክፍል ጠባብ ነው፤ ትልቅ ጠንካራ ሻንጣ የምታስቀምጡበት አታገኙም። ለስለስ ያለ፣ የሚታጠፍ ቦርሳ ይሻላል።

የግድ የሚያዝ

ቱታና ሴፍቲ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ይሰጣል። ቁጥራችሁ ላይኖር ስለሚችል ግን ጫማ የራሳችሁን ያዙ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ መርከብ አትውጡ። ከሦስት ሳምንት በፊት ገዝታችሁ ወደ ጅሬን ዳገት ወጣ ወረድ በሉበት። ተረከዛችሁን የሚልጠው ጅማ ላይ ይላጠው፤ እዚህ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሁለት ቀን ታርፋላችሁ፣ እዚያ ግን የሞተር ክፍሉን ደረጃ በቀን ስንቴ እንደምትወጡት አትቆጥሩትም።

ካልሲና የውስጥ ልብስ ጥጥ ይሁን። ናይሎን እሳት ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። የእጅ ባትሪ፣ ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተር፣ የሶኬት አዳፕተር፣ ርካሽ የእጅ ሰዓት ጨምሩ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካላችሁ ከነማዘዣው፣ ከነካርቶኑ። ትራማዶልን የመሰለ ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ይዞ መገኘት ግብፅና ኤምሬትስ ውስጥ ያሳስራል።

የማይያዝ

ጫት። ይህን ለጅማ ሰው ረዘም አድርጌ ልናገር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በተባበሩት መንግሥታት የ1971 ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ ደግሞ እንግሊዝ ከልክለውታል። እኛ ግን እንደ ዕቃ አንቆጥረውም፤ ጃኬት ኪስ ውስጥ ገራባ ይቀራል፣ ቦርሳ ስፌት ውስጥ ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ ለጉዞው የምትጠቀሙበትን ቦርሳና ጃኬት ገልብጣችሁ አራግፉ፣ እጠቡ። ቢቻል ጫት ቤት ገብቶ የማያውቅ ቦርሳ ግዙ። መርከብ ላይ ድንገተኛ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አለ። የምትቅሙ ከሆነ ከሳምንታት በፊት አቁሙ። ያ ድብርትና የእንቅልፍ መዛባት ቤታችሁ ይለቃችሁ እንጂ መርከብ ላይ አይጀምራችሁ።

ማርና ጥራጥሬ። የጅማ ማር ለካፒቴኑ ስጦታ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ግን ማር፣ ዘር፣ ጥሬ የእህል ፍሬ ላይ ቀልድ አያውቁም። መርከቡ የት እንደሚሄድ ሳታውቁ አትያዙ። ቡና የተቆላና የተፈጨ ይሁን።

ከሰልና ዕጣን። ጀበና መውሰድ ይቻላል፤ ከሰል በፍጹም። እኔ በዒድ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ አንዲት ሰንደል ለኮስኩ። የጭስ ማንቂያው ጮኸ። ሃያ ሰው ላይፍ ጃኬት ለብሶ ደክ ላይ ተሰለፈ፣ ካፒቴኑ በፒጃማ። ለወር ያህል ስሜ "ሰንደል" ሆኖ ቀረ።

ደረጃ 5፦ ቤቱን አስተካክሉ

ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ። ባንክ፣ የቤት ኪራይ፣ የመንግሥት ጉዳይ ስድስት ወርም ዘጠኝ ወርም ቆሞ አይጠብቃችሁም። ከደመወዛችሁ በየወሩ ለቤተሰብ የሚላከውን መጠን መርከብ ከመውጣታችሁ በፊት በጽሑፍ አስመዝግቡ። ለሽኝት ተበድራችሁ አትደግሱ። የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገባ ዕዳው ይደውላል።

ለእናታችሁ የመርከቡን ስምና አይኤምኦ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት በስልክ የመርከቡን ቦታ እንዴት እንደሚከታተሉ አሳዩ። ከሁሉ በላይ ይህን ንገሯቸው፦ ውቅያኖስ መሐል ምልክቱ ከካርታው ሊጠፋ ይችላል፤ አሥር ቀን ዝም ማለት የተለመደ ነው። ይህን ያልሰማች እናት ሰፈሩን ለለቅሶ ታሰናዳለች።

የምትጾሙ ከሆነ፣ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ ከሼካችሁ ወይም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ተመካከሩ። 45 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ውሃ ሳይጠጡ መሥራት ምን እንደሚመስል ንገሯቸው።

ደረጃ 6፦ ጉዞው እና መወጣጫው

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያው ቀን ደርሳችሁ በዚያው ቀን ልትበሩ አታስቡ። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ ክረምት ከሆነ ሦስት። በጉዞ ላይ የወደቡን ወኪል፣ ማለትም ወደቡ ላይ የመርከቡን ጉዳይ የሚያስፈጽመውን ሰው፣ ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል።

መርከቡ ሥር ስትደርሱ ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። ግድግዳ ነው። ከጎኑ የሚወዛወዝ ጠባብ መሰላል አለ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ስሕተት ይሠራል፤ ሻንጣ በአንድ እጅ ይዞ ይወጣል።

1. ሻንጣውን መሬት አስቀምጡ። ከላይ ያለውን ጠባቂ በገመድ ወይም በክሬን እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ።
2. ከመሰላሉ በታች መረብ መዘርጋቱን እዩ።
3. ሁለት እጅ በገመዱ ላይ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ፣ ስልክ በኪስ።
4. ላይ ስትደርሱ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ፓስፖርት አሳዩ፣ የጎብኚ ወይም የሠራተኛ ካርድ ተቀበሉ።

ሻንጣው ካልመጣ፦ አውሮፕላን ማረፊያው ሳትለቁ የጠፋ ዕቃ ወረቀት አስሞሉና ለወኪሉ ስጡ። ሰነዶቹ እጃችሁ ላይ ካሉ ጉዞው ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ማንም ሥራ እንድትችሉ አይጠብቅም። የሚጠበቀው እንዳትጎዱና እንዳትጠፉ ነው። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

የመኝታ ክፍላችሁ በር ጀርባ ወይም አካባቢው ላይ የአደጋ ጊዜ ምደባ አለ። ስማችሁን ወይም ቁጥራችሁን ፈልጉ፦ የትኛው ነፍስ አድን ጀልባ፣ የት መሰለፍ፣ ምን መሸከም። ከዚያ ከአልጋችሁ ተነስታችሁ እስከ መሰለፊያው ድረስ በሁለት የተለያየ መንገድ ሂዱ። ሦስተኛውን ጊዜ መብራት እንደሌለ አስቡና ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ ሂዱ፤ ስንት ደረጃ፣ ስንት በር እንደሆነ ቁጠሩ። ሰው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ምልክቱን አጥኑ፦ ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ። ሰባት እስኪሞላ አትቁጠሩ፤ ጃኬት እያነሳችሁ ቁጠሩ።

ምግብ አብሳዩን ዛሬውኑ ተዋወቁት። የማትበሉትን ንገሩት፦ አሳማ፣ በጾም ቀን ሥጋና ወተት። በኋላ ሳህን መመለስ ቅሬታ ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ሰዓት

የመጀመሪያ ቀን ተራዬ 04:00 ነው አሉኝ። ብልጥ ሆኜ ወደ እኛ ሰዓት ቀየርኩት፤ ከሌሊቱ 10። ጎሽ። ከዚያ የስልኩን ማንቂያ 10:00 ላይ ሞላሁት። ስልኩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ኢንጂነር፣ የሞተር ክፍሉን የዕለት ሥራ የሚመራው መኮንን፣ በሩን በቡጢ ሲደበድብ ነው የነቃሁት።

መርከብ ላይ እያላችሁ የሐበሻ ሰዓት የለም። የእጅ ሰዓታችሁንም ስልካችሁንም በመርከቡ ሰዓት ሙሉ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ከ04 እስከ 08 ያለው ተራ በእኛ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2 ነው፤ ይህን አንዴ እወቁና እርሱት። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰዓቱ ይቀየራል። ማታ ማታ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እዩ።

ዕረፍት ሕግ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት። የምትፈርሙት የሥራ ሰዓት መዝገብ የሠራችሁትን ይመስል እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት እዩ። ካልመሰለ በጨዋ ቋንቋ ለሁለተኛው ኢንጂነር ንገሩ። እሱ አልሰማ ካላችሁ መርከቡ ላይ የአቤቱታ ሥርዓት አለ፤ ወረቀቱ ከውላችሁ ጋር ይሰጣችኋል። መሰደብም ሆነ ትንኮሳ በዚሁ መንገድ ይቀርባል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ሲያቅለሸልሻችሁ

ይመጣል። ጆሮ "እየተንቀሳቀስን ነው" ሲል ዓይን "ቆመናል" ይላል፤ ሆድ መሐል ገብቶ ይከፍላል። መስኮት የሌለው ሞተር ክፍል ደግሞ ይብሳል።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ውሰዱ። ካስመለሳችሁ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ተመልሶ ይወጣል። ሲናሪዚንን የመሰሉት እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ፋርማሲ ስትገዙ የምትሠሩት ማሽን አጠገብ መሆኑን ተናገሩ። ዝንጅብል ለብዙ ሰው ይሠራል። ደረቅ ዳቦ ብሉ፤ ባዶ ሆድ ያባብሳል። ፈቃድ ስታገኙ ደክ ወጥታችሁ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር እዩ።

ውሃ እንኳ አልቀመጥ ካለ፦ ኦአርኤስ፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለውን፣ በማንኪያ በማንኪያ ውሰዱ። ቀኑን ሙሉ ሽንት ካልመጣ ወይም ካዞራችሁ መደበቅ ይቅር፤ መርከቡ ላይ ለሕክምና የተመደበ መኮንን አለ። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለምዳል።

ደረጃ 10፦ ሞተር ክፍል

የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ በሩን አትክፈቱ። የሚንቀሳቀስ ነገር አጠገብ ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፣ የተንዘላዘለ ጨርቅ አይኑር። መርከቡ ሲናወጥ አንድ እጅ ለሥራው፣ አንድ እጅ ለራሳችሁ።

ያላዘዟችሁን ቫልቭ አትንኩ። "ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው፣ አንዳንዴም ሰው የሚገድለው፣ "ገብቶኛል" ብሎ ራስ መነቅነቅ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ታላቅ ሲናገር "እሺ" ማለት ለምደናል። እዚያ "እሺ" አይበቃም፤ የታዘዛችሁትን መልሳችሁ ድገሙት። "የቁጥር 2 ፓምፕ መውጫ ቫልቭ ልዝጋ" በሉ። ስሕተት ካለ እዚያው ይታረማል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ የታሸገ ታንክ፣ የመልህቅ ሰንሰለት ክፍል ወይም ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ጓዳ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፈቃድና ያለ አየር ልኬት አትግቡ። ብረት ሲዝግ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል። ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ነው። ሲቀንስ ሽታም፣ ማነቅም የለም፤ ጉልበት ይከዳና ሰው ይወድቃል። ጓደኛችሁ ውስጥ ወድቆ ብታዩት ተከትላችሁ አትግቡ። ማንቂያውን ምቱ፣ ጩኹ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ የለበሰው ቡድን ይግባ። ወድቆ ያያችሁትን ልታወጡ ብትገቡ ሁለተኛው ወዳቂ እናንተ ናችሁ።

የሥልጠና መዝገባችሁን አትርሱ። ካዴት ያለ ፊርማ የሠራው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ፊርማ የሚሰጡት መኮንኖች ደግሞ ውላቸው ሲያልቅ በየወደቡ ይወርዳሉ፤ አንዳንዴ ሲነጋ ስትነሱ ክፍላቸው ባዶ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቡናውን አፍልታችሁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።